የእማዬ ቱሊፖች ዘንድሮ እንዴት እንደተረፉ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታናሽ እህቴ ለሊስቤት፤

እንደምን ከርመሻል? ከሁሉ አስቀድሜ የአንቺን ጤና እጠይቃለሁ፤ ከአንቺ ቀጥዬ የባለቤትሽን የሩሎፍን ወገብ፣ ከእሱ ቀጥዬ የማርግሬትን ሳልና የትንሹን የዊምን አዳዲስ ጥርሶች። ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል? አዲሱ በረት ተሠርቶ አለቀ? ላሞቹስ ወተት ሰጡ? እኛ ሁላችንም አለን። እኔ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባባም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው ከሚገባው በላይ ደህና ናቸው፤ ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

የላክሽው ፎቶግራፍ ደርሶናል። አባባ ከምድጃው በላይ ካለው ሰዓት ፊት አቁመውታል፤ ስለዚህ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ አንቺን ከነቤተሰብሽ ማንሳት አለበት። ደብዳቤሽንም ለመጣ ለሄደው ጮክ ብለው አነበቡት። ወተት አመላላሹ እንኳ ስለ በረታችሁ ጣሪያ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ አጠገባቸው ሆኜ የምናገረውን ማንም ሰው መነጽር አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ አንብቦልኝ አያውቅም። አትቀየሚኝ፤ እኔ ሩቅ ያለ ሰው ላይ ክፋት የለኝም። ግን ሩቅ መሆን እንዴት ያለ ምቾት እንዳለው አንቺ አታውቂውም፤ ከሩቅ ሰው ያልታጠበ ሸሚዝ የሚጠይቅ የለም።

ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛው አባባ በእርግጥ አገቡ ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው የእማዬ ቱሊፖች ምን ሆነው ነው በየዓመቱ ይላክልሽ የነበረው ፎቶግራፋቸው ዘንድሮ የቀረው የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎችሽ አንድ ታሪክ ናቸውና ሻይሽን ቀድተሽ ቁጭ በይ። አባባ ግማሹን ብቻ እንደጻፉልሽ አውቃለሁ፤ ያውም የሚያምረውን ግማሽ።

ሴትዮዋ ሄንድሪካ ትባላለች። አንቺ አታውቂያትም። ባሏ የጭነት ጀልባ ነበረው፤ ዕድሜዋን በቦይ ላይ ስትመላለስ ኖራ፣ እሱ ሲሞትባት እኛ መንደር እህቷ ዘንድ ገባች። ስልሳ ዓመት ያለፋት ናት፤ ስትስቅ ግን ሳቋ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ካርታ ስትጫወት ታጭበረብራለች፤ ስትያዝ ደግሞ ታጭበረብር ከነበረው የበለጠ ትስቃለች። ባለፈው መከር አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ቦርሳዋን ተቀብለው ተሸከሙላት፤ ነገሩ የተጀመረው በዚያች ቦርሳ ነው። ከዚያ በኋላ በሥራ ቀን ጢማቸውን መላጨት ጀመሩ። ብስክሌታቸውን ዘይት ቀቡ። ሸሚዛቸውን የማጥብ፣ የምተኩስ እኔ፤ «ኮርኔሊስ፣ ኮሌታህ እንዴት ነጭ ነው!» ተብለው የሚመሰገኑ እሳቸው። ሳህኖቻችንን ስታይ «የእናትሽ ናቸው? ታድለሽ» አለችኝ። ሳህኖቹን አነሳሁ።

እኔ በዚያ ወቅት ከጠዋት እስከ ምሽት ከአበባ ሽንኩርት ነጋዴው መጋዘን ነበር የምውለው። ቱሊፖቹ የሚበቅሉባቸው የእማዬ ሽንኩርቶች ደግሞ የእኔ ሥራ ሆነው አያውቁም። እንደምታውቂው አባባ ማሳውን ከሸጡ ወዲህ የቀረን ከቤቱ ጀርባ፣ ከፖሙ ዛፍ አጠገብ ያለው መደብ ብቻ ነው፤ እሱን የሚቆፍሩትም፣ ሽንኩርቶቹን በበጋ አውጥተው በመከር መልሰው የሚተክሉትም እሳቸው ብቻ ናቸው። እማዬ ካረፈች ጀምሮ እኔን እንኳ አያስነኩኝም ነበር። መከሩ አልፎ መሬቱ ሲደነድን እንደ ወትሮው ተክለዋል ብዬ ልቤን ጥዬ ተቀመጥኩ።

ያ ብርድ እዚያ ድረስ ተወርቶ ይሆናል። ከገና በፊት ጀምሮ ቦዩም ሐይቁም ግግር ሆነ፤ ሰው ወደ ገበያ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ ይሄድ ነበር። በገናና በአዲስ ዓመት መካከል ባለው ሳምንት፣ የውሃ ቧንቧው እንዳይፈነዳብን የምጠቀልልበት ገለባ ላመጣ ጎተራው ቆጥ ላይ ወጣሁ። ገለባውን ስገፋው ከኋላው የእማዬ ሳጥን ብቅ አለ። ባዶ መስሎኝ በእግሬ ገፋ አደረግኩት፤ ከበደኝ። ከፈትኩት። ሽንኩርቶቹ ሁሉም እዚያው ነበሩ ሊስቤት። አንዱም አልተተከለም። ግማሾቹ ሻጋታ ለብሰዋል፤ ግማሾቹ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ጊዜውን ያወቁ ይመስል ከጫፋቸው የገረጣ ቡቃያ አውጥተዋል።

ሳጥኑን ተሸክሜ ወረድኩና ማድ ቤት ገባሁ። አባባና ሴትዮዋ ካርታ ይጫወታሉ። ሳጥኑን ካርታው ላይ አስቀመጥኩት።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

አባባ አዩትና ፊታቸው አመድ መሰለ። «ረሳሁ» አሉ።

«ረሳሁ? የእማዬን?»

«አዎ፤ ረሳሁ።»

ሴትዮዋ እሳቸውን አየቻቸው፣ ከዚያ እጆቿን አየች። ልክ እንደ ጥፋተኛ። በልቤ «ጥፋትሽን አወቅሽ! እንዲረሱ ያደረግሻቸው አንቺ ነሽ» አልኩና ታሪኩን እሷ እንድትሰማው አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት።

«ይህች አበባ የትም የለችም» አልኳት። «ያገኘቻት እናቴ ናት። ቢጫ ቱሊፕ በሞላበት ማሳ መካከል ጠቆር ያለች ወይን ጠጅ፣ ዳር ዳሯ የወተት ስልባቦት የመሰለች አንዲት አበባ ብቻዋን ቆማ አየች። አባባ ‹ባዕድ ናት፣ መደቡን ታበላሻለች› ብለው ሊነቅሏት ሲሉ፣ እናቴ የፀጉሯን ጥብጣብ ፈትታ አሰረችባት። እነዚህ ሁሉ ከዚያች ከአንዷ የተወለዱ ናቸው። በጦርነቱ መጨረሻ፣ በዚያ የረሃብ ክረምት፣ የቱሊፕ ሽንኩርት ቀቅለን ስንበላ፣ ይህን ሳጥን አልጋዋ ሥር አስገብታ ተኛችበት። ታናሽ እህቴ በረሃብ ስታለቅስ እንኳ አልከፈተችውም።»

ታስታውሻለሽ አይደል? ያንን ጉሮሮ የሚከረክር ጣዕም? እኔ እስከ ዛሬ ሾርባ ውስጥ ሽንኩርት ሳይ አፌ ይደርቃል። እማዬን ያኔ ክፉ ብለናት ነበር፤ አንቺም እኔም። ሰላም ሆኖ በሚቀጥለው ፀደይ አበቦቹ ሲወጡ እዚያ ቆማ ስታለቅስ ግን ሁለታችንም ክንዷን ይዘን ቆመን ነበር።

አባባ ዶማ ይዘው ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ዶማው ድንጋይ እንደ መታ ነጥሮ ተመለሰ። ደግመው መቱ፤ እጀታው ተሰነጠቀ። «ያለቀ ነገር ነው ያኮባ» አሉኝ። «ለሚቀጥለው መከር እንዳናቆያቸው ደርቀው ያልቃሉ። ጣያቸው።» ጣያቸው አሉ፤ እሳቸው! እኔ ግን የአበባ ሽንኩርት ስመርጥ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ ሽንኩርት ካልበሰበሰ አልሞተም። መሬት ባይገኝ አፈርና አሸዋ በሳጥን አድርጎ፣ ውርጭ ከማይገባበት ግን ከማይሞቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ እዚያ ብርዱን ይጠጣሉ፣ ሥራቸውን ይሰዳሉ፣ መሬቱ ሲላላ ወደ ውጭ ይወጣሉ። አይመቻቸውም፤ ግን ይኖራሉ።

ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እያንዳንዱን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ መምረጥ ጀመርኩ። ሲጫኑት የሚሰረጉደውን፣ ቀሎ ውስጡ ዱቄት የሆነውን ጣልኩ። ሻጋታው ከላይ ብቻ የሆነውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ። ሴትዮዋ እጅጌዋን ሰብስባ አንዱን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ፣

«አይንኩ!» አልኳት።

«እሺ፣ አልነካም» አለች። «ምን ልሥራ ታዲያ?»

«ምንም። ቤትዎ ይሂዱ።»

አባባ ደነገጡ። እሷ ግን ካፖርቷን ለበሰችና «አሸዋ የት ይገኛል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ከቦዩ ማዶ፣ የሽማግሌው የቴውኒስ መጋዘን ውስጥ ደረቅ አሸዋ እንዳለ ነገሯት። ወጣች፤ የምትመለስ ስላልመሰለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከምሳ በኋላ የቦዩ ዳር በጩኸት ተሞላ። በመስኮት ስመለከት ሄንድሪካ የቴውኒስን የልጅ ልጆች ሸርተቴ በሁለት ከረጢት አሸዋ ጭና፣ ገመዱን ትከሻዋ ላይ አስራ፣ በበረዶው ላይ እየጎተተች ትመጣለች። «መንገድ ልቀቁ! የጭነት ጀልባ መጣች!» እያለች ትጮኻለች፤ የሚንሸራተተው ሰው ሁሉ እየሳቀ ግራና ቀኝ ይበተናል። አንዴ ወደቀች፤ ቁጭ ብላ ስቃ ስቃ እንደገና ተነሳች።

ሽንኩርቶቹን ያዳነው ያ አሸዋ ነው፤ አልክድም። ግን በማግሥቱ ዳቦ ልገዛ ስሄድ ዳቦ ጋጋሪው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያኮባ፣ ያቺ ሴትዮ ለእናትሽ አበባ አሸዋ ስትጎትት አየናት! ወርቅ ናት፣ ወርቅ!» ሚስቱም ከውስጥ ብቅ ብላ «እንዲህ ያለ ልብ የት ይገኛል?» አለች። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ሻጋታ ስጠርግ ወገቤ የተቆረጠውን፣ እጄ እስካሁን የሚሸተውን እኔን ማን አየ? እሷ በቦይ ላይ ወድቃ ተነሳች፤ እኔ ማድ ቤት ውስጥ አልወደቅኩም። የወደቀ ሰው ይታያል።

ሳጥኖቹን የጎተራው የኋለኛ ክፍል ውስጥ ደረደርናቸው። ብርዱ ሲጠነክር ሄንድሪካ የሟች ባሏን ወፍራም የጀልባ ብርድ ልብስ አምጥታ አለበሰቻቸው። እኔ ገፍፌ የፈረሳችንን አሮጌ ብርድ ልብስ አለበስኳቸው፤ የእሷን አጣጥፌ በሩ ላይ ሰቀልኩት። በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ሁለቱም ተደርበው ነበር፤ የፈረሱ ከሥር፣ የጀልባው ከላይ። የደረቡት አባባ ናቸው። «ልጄ፣ ለሽንኩርት ምቀኝነት አይገባውም፤ ይበርደዋል» አሉኝ። ፊቴን አዙሬ ወጣሁ፤ ግን እንደተደረበ ተውኩት።

በረዶው የለቀቀን ማርች ገብቶ ነው። ሳጥኖቹን ወደ ውጭ አወጣን። ሥራቸው ከአሸዋው ጋር ተጠላልፎ ነጭ ክር መስሏል። እኔና አባባ ጎን ለጎን ተንበርክከን፣ ሥሩ እንዳይበጠስ በእጃችን እያቀፍን ወደ መደቡ አዛወርናቸው። ከግማሽ በላይ ተርፈው ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከእማዬ ቀብር ወዲህ ከአባባ ጋር እንደዚያ ተቀራርቤ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ፣ ቀና ሳይሉ፣

«ሜይ ሲያልቅ ከሄንድሪካ ጋር እንጋባለን» አሉኝ።

እጄ ላይ የነበረውን ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ካላስቀመጥኩት እሰብረው ነበር። «እሷን እያሰቡ አይደል እነዚህን የረሱት?» አልኳቸው።

«አልረሳኋቸውም» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ባለፈው መከር ልተክላቸው ቆጡ ላይ ወጥቼ ነበር። በየዓመቱ ጉድጓድ ቆፍሬ እነዚህን አፈር ሳለብሳቸው እናትሽን ደግሜ የምቀብር ይመስለኛል ያኮባ። ሁለት መከር ቻልኩት። በሦስተኛው እጄ እምቢ አለኝ። ሳጥኑን ከገለባው ኋላ ገፋሁትና ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሄንድሪካ ቤት የሄድኩት። ማልቀስ ስለፈለግኩ ነው የሄድኩት፤ ለካርታ አይደለም።»

ሊስቤት፣ አሁን ልብሽን ሰጥተሽ ስሚኝ። አባባ ለእማዬ እንዲህ ስላዘኑ ልቤ መራራት ነበረበት፤ ራራም። ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ሌላ ነገር ነው። ለእሷ ነግረዋታል። ከእኔ በፊት! ያን ቀን ማድ ቤት ውስጥ የጥብጣቡን ታሪክ፣ የረሃቡን ታሪክ ስዘረግፍባት፣ ሁሉንም ታውቀው ኖሯል። የምታውቀውን ነገር እንደ አዲስ ሰምታ፣ እጆቿን አይታ፣ ተሰድባ፣ አሸዋ ልትጎትት ወጣች። እኔ ከአባባ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እያደርኩ፣ እሳቸው እንባቸውን በብስክሌት ጭነው ለሌላ ሰው ይወስዳሉ። «ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «አንቺማ እንደ እናትሽ ነሽ፤ ብነግርሽ ሳጥኑን ታመጪውና ይትከሉ ትዪኝ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እል ነበር። ግን እሱን መስማት አልፈለግኩም።

ቱሊፖቹ ዘግይተው ወጡ። በአካባቢው ያለው ማሳ ሁሉ አብቦ፣ ሽንኩርቱ እንዲጠነክር አበባው ተቀንጥሶ፣ የተቀነጠሰው በየቦዩ ዳር ተከምሮ ሲሸት፣ የእኛዎቹ ገና ቅጠል ነበሩ። ሜይ መጨረሻ ላይ አጭር አንገት ይዘው አቆጠቆጡ፤ የእምቡጦቹ ጫፍ ወይን ጠጅ መሆን ጀመረ። የሠርጉ ሳምንት ነበር። አንድ ጠዋት ሄንድሪካም መጥታ ቁርስ ላይ ሳለን፣ አባባ ዳቧቸውን እየቀቡ፣ «የሚፈኩ ከሆነ ሄንድሪካ ጥቂት ይዛ ወደ ማዘጋጃ ቤት ብትሄድ ብዬ አሰብኩ» አሉ።

የእማዬን አበባ! እሷ እጅ ላይ!

«አይሆንም» አልኩ። «እምቡጦቹ መቀንጠስ አለባቸው። ሽንኩርቶቹ ክረምቱን ተርበው ነው ያሳለፉት፤ ያላቸውን ጉልበት አበባው ላይ ከጨረሱ ከሥር የሚቀር የለም። ዘንድሮ ካበቡ ለከርሞ የሉም።»

ይህ እውነት ነው፤ ማንንም ገበሬ ብትጠይቂ ይህንኑ ይልሻል። ግን እኔ ስናገረው ስለ ሽንኩርቶቹ እያሰብኩ አልነበረም፤ አንቺን ከምዋሽ ምላሴ ይቆረጥ። አባባ ዳቧቸውን አስቀመጡ። ሄንድሪካ ግን «ይቀንጠሱ ታዲያ!» አለች። «ኮርኔሊስ፣ እኔ የማገባው አንተን ነው እንጂ አበባውን አይደለም። እጄ ባዶ ቢሆን መዝገቡ ላይ መፈረም አይከለክለኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዷን ግን ተያት ያኮባ። ለእኔ አይደለም፤ ለአንቺ። እናትሽን ሳታያት ዓመቱ አይለፍብሽ» አለችኝ።

ምነው ብትጣላኝ! ምነው «የባሌ ቤት ነው፣ አበባው የእኔ ነው» ብላ ብትጮህብኝ! ለመጣላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ የምናገረውም በአፌ ሞልቶ ነበር። ደግነቱን እንኳ ቀድማ ያዘችብኝ። ተነስቼ ወጣሁና አንድም ሳላስቀር ሁሉንም ቀነጠስኳቸው። «አንዷን ተያት» ያለችኝንም ጭምር፤ እሷ ስላለችኝ። ጨርሼ ስነሳ ሽርጤ ሙሉ እምቡጥ ነበር፤ ፍግ ላይ ልጥላቸው ሄድኩና እጄ አልታዘዝ አለኝ። የማድ ቤቱን ጠረጴዛ የሚሞላው ትልቁ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃ ሞልቼ፣ ምን እንደማደርጋቸው ሳላውቅ ዘፈዘፍኳቸውና ከማድ ቤቱ ኋላ ባለችው መስኮት አጠገብ ትቻቸው ሄድኩ።

የሠርጉ ዕለት በቦዩ ዳር የሚበቅለውን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ነጭ የዱር አበባ ሄንድሪካ በራሷ እጅ ሰብስባ ይዛ መጣች። ያምርባት ነበር። ቢያስጠላባት በወደድኩ። እኔ እናታችን ትለብሰው የነበረውን ሰማያዊ ሹራብ ሆን ብዬ ለብሼ ከኋላቸው ቆምኩ፤ አባባ አዩት። ከማዘጋጃ ቤት ስንመለስ ቴውኒስና ጥቂት ጎረቤቶች ለምሳ ተከትለውን መጡ። ሄንድሪካ ውሃ ልትጠጣ ከሁሉ ቀድማ ወደ ማድ ቤቱ ኋላ ገባች። ከዚያ ድምጿ ጠፋ። የእሷ ድምፅ ሲጠፋ ሰው ይደነግጣል፤ ሁላችንም ተከትለናት ገባን።

እምቡጦቹ ፈክተው ነበር። ፀሐይ ሲያገኙ፣ ግንድ ሳይኖራቸው፣ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው ተከፍተዋል። ሳህኑ ሙሉ ወይን ጠጅ፣ ዳር ዳሩ ስልባቦት። ሄንድሪካ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። «ያኮባ፣ ለእኔ ብለሽ ነው?» አለችኝ። «ሽንኩርቱንም ሳትጎጂ፣ አበባውንም ሳትከለክዪኝ!» አባባ እንዳቀረቀሩ ትከሻዬን ያዙኝ። ቴውኒስ «የኮርኔሊስ ልጅ ብልህ ናት!» አለ። ሰው ሁሉ «እሰይ! ጎበዝ!» አለኝ። ሳህኑን አንስተው የምሳው ጠረጴዛ መካከል አስቀመጡት።

ምን ልበል? «በቅናት ነው የቀነጠስኳቸው፤ መፈካታቸውን አላሰብኩም» ልበል? በሠርግ ምሳ ላይ? «እንኳን ደስ ያላችሁ» አልኩና ሾርባ ቀዳሁ። እውነቱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ለሩሎፍ ጮክ ብለሽ እንዳታነቢለት። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ያን ዕለት ምሳ ላይ ሳህኑን እያየሁ እማዬ እዚያ ያለች መሰለኝ፤ የሄንድሪካንም ሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬን ሳልደፍን ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ወዲያው ተመልሶ አስጠላኝ፤ ግን ለዚያች ምሳ አላስጠላኝም።

ሽንኩርቶቹን ጁላይ አጋማሽ ላይ አወጣናቸው። ወፍረዋል፣ ጠንክረዋል፣ ከጎናቸውም ትንንሽ ሽንኩርቶች እንደ ጫጩት አቅፈዋል። እምቡጡን መቀንጠሴ በእርግጥ ጠቅሟቸዋል። አባባ ሦስት ቦታ ከፈሏቸው፤ ለእነሱ፣ ለእኔና ለአንቺ። «ትልልቆቹን ለሊስቤት፤ ባሕር ስለሚሻገሩ» አሉ። ይኸው እንግዲህ! ባሕር ለተሻገረ ሁሉ ትልልቁ ይገባዋል። እንዳሉት መርጬ በደረቅ ሣር ጠቅልዬልሻለሁ፤ ጥቅሉ ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ይደርስሻል። ከሁሉ የሚበልጠውን አንዱን ግን በእኔ ለውጬዋለሁ፤ አባባ አላዩም። ውርጭ ከመግባቱ በፊት ትከያቸው። ሥራ በዝቶብሽ ቢያልፍሽም እንዳትጥያቸው፤ በአውራ ጣትሽ ተጫኚያቸው፣ ጠንካራዎቹን በሳጥን አሸዋ ውስጥ አድርጊ፣ ውርጭ ከማይደርስበት ብርድ ቦታ አስቀምጪ። ቢዘገዩም ይመጣሉ።

የእኔ ወሬ ደግሞ ይህ ነው፤ በቴውኒስ መጋዘን ፎቅ ላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራይቻለሁ። ሄንድሪካ «እዚሁ ኑሪ፣ ቤቱ ይበቃናል» ብላ ለመነችኝ፤ አባባም ጨመሩበት። አልገፉኝም፤ እንዲያውም ቢገፉኝ ይቀለኝ ነበር። ግን በአርባ ዓመቴ አንድ ጊዜ እንኳ የራሴን በር በራሴ ቁልፍ መክፈት አማረኝ። አንቺ በሃያ ሦስት ዓመትሽ በመርከብ ተሳፍረሽ ያገኘሽውን እኔ ቦይ ተሻግሬ አገኘሁት። ከመስኮቴ ሥር ትንሽ መሬት አለች፤ የደረሱኝን ሽንኩርቶች የምተክላቸው እዚያ ነው። ቁልፉን በተቀበልኩ ዕለት ክፍሉ መሃል ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ማንም አልሰማኝም፣ ማንም ወሬ አላደረገውም፤ የእኔ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ላሳርግ። ሩሎፍን ሰላም በይልኝ፤ ወገቡን በትኩስ ጨርቅ ያሽው። ማርግሬትን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ ዊምን እንዳይነክስሽ ግንባሩ ላይ ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን፣ ያችን ዳቦ መጋገር ያስተማርሻትን፣ ሰላም በይልኝ። አባባ ናፍቆታቸው ይድረስሽ ብለዋል፤ መልስሽን ለማንበብ መነጽራቸውን ካሁኑ እየወለወሉ ነው። ሽማግሌው ቴውኒስም ሰላም ብሎሻል። ሄንድሪካ ይህን ስጽፍ ከኋላዬ መጥታ ቆማ «የእኔን ሰላምታ ከሁሉ ፊት አድርጊልኝ፤ ገና ስለማታውቀኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት፤ ስትሄድ ጠብቄ መጨረሻ ላይ አደረግኩት፤ ሰላም ብላሻለች።

የምትወድሽ እህትሽ
ያኮባ

ሂሌጎም፣ ሆላንድ
ኦገስት 4 ቀን 1963